ስኳር ያለበት ሰው አጥንቱ ሲሰበር፦ ጥገናውን እንዴት መርዳት ይቻላል

አጥንት የሚጠገነው በደም ነው። ስብራቱ እንደደረሰ ቦታው ላይ ደም ይረጋል። ከዚያ ቪኢጂኤፍ የሚባለው ፕሮቲን ቀጫጭን ደም ስሮች ወደ ስብራቱ እንዲበቅሉ ያደርጋል፤ ኦክሲጅንና አጥንት ሠሪ ህዋሳትም በእነሱ በኩል ይደርሳሉ። ከ2 እስከ 3 ሳምንት ባለው ጊዜ ሁለቱን ጫፎች የሚያገናኝ ለስላሳ ድልድይ ይሠራል፤ በቀጣዮቹ ሳምንታት ወደ ጠንካራ አጥንት ይለወጣል።

ከፍ ብሎ የቆየ ስኳር ይህን ሥራ በሁለት በኩል ያውካል። የደም ስሮችን የውስጥ ሽፋን ስለሚጎዳና ቪኢጂኤፍን ስለሚቀንስ፣ ወደ ስብራቱ የሚደርሱት አዳዲስ ደም ስሮች ያንሳሉ። በሌላ በኩል ስብራቱ ያስነሳው ብግነት (ማበጥና መቅላት) በጊዜው አይበርድም፤ ስለዚህ ለስላሳው ድልድይ አጥንት ከመሆኑ በፊት ተበልቶ ሊያልቅ ይችላል። የሚገርመው፣ ይኸው በሽታ ዓይን ውስጥ የማያስፈልጉ ደም ስሮችን ያበቅላል። ለዚህም ነው «ደም ስር የሚያበቅል መድኃኒት ብንወስድስ?» የሚለው ሐሳብ ቀላል መልስ የሌለው። በእጃችን ያለው ትልቁ መሣሪያ ስኳሩን መቆጣጠር ነው።

1. በመጀመሪያው ቀን ለሐኪሙ ሁሉን ይንገሩ። የሚወስዱትን መድኃኒት፣ የኩላሊትዎን ሁኔታ፣ እግርዎ ይደነዝዝ እንደሆነ አይደብቁ። ፒዮግሊታዞን የሚባለው የስኳር መድኃኒት በተለይ በሴቶች ላይ የስብራት አደጋን ስለሚጨምር፣ የሚወስዱት ከሆነ መቀየር እንዳለበት ይጠይቁ። በራስዎ ግን አያቋርጡ።

2. ስኳርዎን አዘውትረው ይለኩ። ስብራትና ቀዶ ሕክምና የጭንቀት ሆርሞኖችን ስለሚያስነሱ፣ የወትሮው መድኃኒት ላይበቃ ይችላል። ኢንሱሊን የሚወስድ ሰው ከየምግቡ በፊትና ከመኝታ በፊት ቢለካ ጥሩ ነው። ኤችቢኤዋንሲ የሚባለው የደም ምርመራ የሚያሳየው ከ2 እስከ 3 ወር ያለውን የስኳር አማካይ ስለሆነ በእነዚህ ሳምንታት ምን እየሆነ እንዳለ አይነግርም፤ የጣት ደም ምርመራው ነው የሚነግረው። ስኳሩን ለማውረድ መቸኮልም ጉዳት አለው፦ ከ70 ሚሊ ግራም በዴሲ ሊትር በታች ሲወርድ ያዞራል፣ በክራንች የሚሄድ ሰው ደግሞ እንደገና ሊወድቅ ይችላል። ያኔ 15 ግራም ቶሎ የሚመጠጥ ስኳር ይውሰዱ፤ ከ15 ደቂቃ በኋላ መልሰው ይለኩ።

3. ምግብ አይቀንሱ። ክብደት የመቀነሻው ጊዜ ይህ አይደለም፤ ድልድዩ የሚሠራው ከፕሮቲን ነው። ኩላሊቱ የተጎዳ ሰው ግን መጠኑን ሐኪሙ ይወስንለት። ቫይታሚን ዲም ይመርመር።

4. ሲጋራ ዛሬውኑ ይቁም። ኒኮቲን ደም ስርን ያጠባል፤ ስኳሩ ያጎደለውን የደም መንገድ የባሰ ያጎድለዋል።

5. ጄሶውን በዓይን ይከታተሉ። ነርቩ የደነዘዘ እግር ጄሶ ውስጥ ቢቆስልም ላያመው ይችላል። ስለዚህ «አላመመኝም» የሚለው ምልክት መታመን የለበትም። ጣቶቹን ጠዋትና ማታ ይመልከቱ፤ ካበጡ፣ ከቀዘቀዙ፣ ከጠቆሩ ወይም ጄሶው ከሸተተና ከረጠበ በዚያኑ ቀን ይሂዱ። ያለ ምክንያት ስኳር ከጨመረ የኢንፌክሽን የመጀመሪያ ምልክት ሊሆን ይችላል። ለማከክ እንጨትም ሆነ ሽቦ አያስገቡ። ክብደቱን ሁሉ የተሸከመው ጤነኛው እግርም ይታይ።

6. በቁርጭምጭሚት ስብራት ላይ አይቸኩሉ። የእግር ነርቭ ጉዳት ላለበት ሰው ሐኪሞች እግሩ ሳይረገጥ የሚቆይበትን ጊዜ ብዙ ጊዜ እስከ እጥፍ ያራዝሙታል። ጄሶው የሚወጣው በራጅ ታይቶ ነው፤ ሕመሙ መጥፋቱ ብቻውን አይበቃም። ከወጣ በኋላም እግሩ ቢያብጥ፣ ቢቀላና ከሌላኛው ይልቅ ቢሞቅ፣ ሕመሙ ትንሽ ቢሆን እንኳ መርገጥ ያቁሙ። ነርቩ የደነዘዘ እግር አጥንቶች የሚፈርሱበት ሻርኮ የሚባል ችግር ሊሆን ይችላል። መጀመሪያ ላይ ራጅ ንጹሕ ሊመስል ስለሚችል፣ ሐኪሙ ሻርኮን እንዲያስብ ስኳር እንዳለብዎትና እግርዎ እንደሚደነዝዝ ያስታውሱት።