አማርኛ ሰጥቶ እንግሊዝኛ መቀበል

አብዛኞቻችን ከአገር የምንወጣው እንግሊዝኛ ሳናውቅ አይደለም። ሁለተኛ ደረጃን የተማርነው በእንግሊዝኛ ነው። ፊዚክሱም ኬሚስትሪውም በእሱ ነበር። ሰዋስው ላይማ ጎበዝ ብዙ ነው። ግን ይህን ሁሉ የተማርነው በዓይናችን ነው፤ ሰሌዳ ላይ አይተን፣ ደብተር ላይ ገልብጠን። ውጭ ስንደርስ የሚፈተነው ጆሮና አፍ ነው። ስልክ ላይ የሚያናግራችሁ ሰው አንድ ዓረፍተ ነገር ተናግሮ ሲጨርስ እናንተ አንዲት ቃል ይዛችሁ ትቀራላችሁ። ያንኑ በጽሑፍ ቢሰጧችሁ ግን አንድም የሚከብድ ነገር የለውም።

ለዚህ ችግር የቋንቋ ልውውጥን የሚያህል መፍትሔ አላየሁም። አማርኛ መማር የሚፈልግ እንግሊዝኛ ተናጋሪ ታገኛላችሁ። ግማሹን ጊዜ እናንተ ታስተምራላችሁ፣ ግማሹን እሱ ያስተምራል። ክፍያ የለውም። ከሁሉም በላይ ደግሞ ለማኝ ሆናችሁ አትቀርቡም። የምትሰጡት ነገር አላችሁ። ይህ ስሜት አፍን ይፈታል። ክፍል ውስጥ ተሸማቆ የሚቀመጥ ሰው አስተማሪ ሲሆን ድምፁ ራሱ ይለወጣል።

«አማርኛን ማን ይፈልገዋል?» እንደምትሉ አውቃለሁ። ፈላጊው ብዙ ነው። ሐበሻ ያገቡ አሉ። ታሪክና ግዕዝ የሚያጠኑ አሉ። ኢትዮጵያ የውጭ አገር ጉዲፈቻን በ2010 ዓ.ም. ከመከልከሏ በፊት በሕፃንነታቸው የወጡ፣ ዛሬ ወጣት ሆነው ቋንቋቸውን የሚፈልጉ አሉ። እኔ ግን ከሁሉም አስቀድሜ የምመክራችሁ እዚያው ውጭ ተወልደው ያደጉ የሐበሻ ልጆችን ነው። አማርኛ ይሰማሉ፣ መመለስ ግን ያቅታቸዋል። አያታቸውን በስልክ ሰላም ብለው ወሬው ያልቅባቸዋል። እንግሊዝኛው ደግሞ አፋቸውን የፈቱበት ነው። በዚያ ላይ የእኛን አነጋገር ከወላጆቻቸው ሲሰሙ ስላደጉ፣ ምን ልትሉ ፈልጋችሁ ምን እንዳላችሁ ወዲያው ይገባቸዋል። ሌላ ሰው «ምን አልክ?» ብሎ ያልፋል፤ እነሱ የቱ ድምፅ እንደተበላሸ ሊነግሯችሁ ይችላሉ።

ቤተ ክርስቲያን ወይም መስጊድ፣ የኮሙኒቲው ማኅበር፣ የዩኒቨርሲቲ ማስታወቂያ ሰሌዳ ጥሩ መነሻ ናቸው። ብዙ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት በነፃ የውይይት ክበብ አላቸው። እንደ ታንደምና ሄሎቶክ ያሉ የስልክ መተግበሪያዎችም የተሠሩት ለዚሁ ነው። ልውውጡ ግን መደበኛውን ትምህርት አይተካም። ካናዳ ሊንክ የሚባል፣ አውስትራሊያ ደግሞ ከ1948 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የቆየ አሜፕ የሚባል በመንግሥት የሚከፈልበት የቋንቋ ትምህርት አላቸው። መብቱ ካላችሁ ተመዝገቡ፤ ልውውጡን ከጎኑ አስኪዱት።

ስትገናኙ ሰዓት ያዙ። ሠላሳ ደቂቃ በእንግሊዝኛ፣ ሠላሳ ደቂቃ በአማርኛ። ሁለቱን ካደባለቃችሁ የበለጠ የሚቀላችሁ ቋንቋ ያሸንፍና አንዳችሁ ሳትማሩ ትቀራላችሁ። መጀመሪያ አካባቢ የምትገናኙት ሰው በሚበዛበት ቦታ ይሁን። የመኖሪያ ፈቃድ ጉዳያችሁን፣ ወረቀታችሁን፣ የቤት አድራሻችሁን ለልውውጥ ጓደኛ ማሳየት አያስፈልግም። ለእሱ ጠበቃና አስተርጓሚ አለ።

አንድ ነገር ቀድማችሁ ካልተስማማችሁ ደግሞ ወራት በከንቱ ያልፋሉ። እንግሊዝኛ ተናጋሪ ሰው በጨዋነት አያርማችሁም። «እንግሊዝኛህ በጣም ጥሩ ነው» ይላችኋል። ስለዚህ ፈቃዱን እናንተ ስጡት። እኔ የምመርጠው ስምምነት ይህ ነው፦ ሐሳቤ ከገባህ አታቋርጠኝ፤ ካልገባህ እዚያው አስቁመኝ፤ ሲያልቅ ደግሞ ሦስት ስህተት ብቻ ንገረኝ። ከሦስት በላይ ሰው አይዝም። ሐበሻ መሆናችሁ በአነጋገራችሁ ቢታወቅ ምንም አይደለም፤ እሱን ለማጥፋት ጊዜ አታባክኑ። መታረም ያለበት ቃሉን ሌላ ቃል የሚያደርገው ነገር ነው።

ከእነዚህ ውስጥ ፕ፣ ብ እና ቭ ይቀድማሉ። ፐም ቨም በፊደላችን ውስጥ በዋናነት ከውጭ ለመጡ ቃላት የሚያገለግሉ ናቸው፤ ስለዚህ ምላሳችን ወደ ብ ይሸሻል። ስስ ወረቀት አፋችሁ ፊት ያዙ። «ፓርክ» ስትሉ ወረቀቱ ይርገብገብ፤ «ባርክ» ስትሉ ብዙ አይነቃነቅ። ለቭ ደግሞ «ፍ» ለማለት ተዘጋጁ፣ ጥርሳችሁ ከንፈራችሁ ላይ እንዳለ ጉሮሯችሁን አስጩኹት። ቲ እና ኤች አንድ ላይ ሲመጡ የምላስ ጫፍ በጥርሶች መካከል ብቅ ማለት አለበት። አለዚያ ማሰብ የነበረው መስመጥ ይሆናል፣ ሦስት የነበረው ዛፍ ይሆናል። አፍራችሁ ምላሳችሁን አትደብቁ፤ የአገሬው ሰው ሁሉ ያወጣዋል።

አር ላይ ደግሞ እኛ ምላሳችንን እናርገበግባለን። በእንግሊዝኛው አር ምላስ የአፍን ጣሪያ አይነካም። ይህ ግን መግባባትን ብዙም ስለማያበላሽ አትጨነቁበት።

አናባቢው ላይ ግን ተጨነቁ። «ሊቭ» የሚመስሉን ሁለት ቃላት አሉ፤ አንዱ መኖር ነው፣ ሌላው ለቆ መሄድ። የት እንደምትኖሩ የጠየቃችሁን ሰው መቼ ትሄዳላችሁ አለን ብላችሁ ልትመልሱ ትችላላችሁ። የመሄዱ «ሊ» ረጅም ነው፤ ከንፈር ወደ ጎን ይሳባል። የመኖሩ አጭርና ልል ነው፤ ከ«ኢ» ተነስታችሁ ወደ «እ» ስትሄዱ መንገድ ላይ ታገኙታላችሁ። መርከብና በግ፣ ሙሉና ሞኝም እንዲሁ በዚህ ዓይነት ልዩነት ይለያያሉ። የልውውጥ ጓደኛችሁ ሁለቱን ቃላት እያቀያየረ ይጥራ፣ እናንተ የቱ እንደሆነ ጣት አውጡ። ጆሮ ሳይለይ አፍ አይለይም።

አሁን ወደሚያስደስተኝ ነገር ልምጣ። በእንግሊዝኛ ውስጥ ከሁሉም አዘውትሮ የሚሰማው አናባቢ እኛ ጋ አለ ማለት ይቻላል። «ኧ» ነው። ብዙ የዓለም ሕዝብ ይህን ድምፅ ከዜሮ ይማረዋል፤ እኛ ከእናታችን ቤት ይዘነው እንመጣለን። ግን አንጠቀምበትም፤ ዓይናችን ፊደሉን ያይና «አ» ወይም «ኦ» ያሰኘናል። «ዶክተር» የሚለውን ተመልከቱ። በእንግሊዝኛ መጨረሻው በኦ ይጻፋል፤ በአማርኛ የጻፍነው ግን «ተር» ብለን ነው፤ ጆሯችን ትክክል ሰምቶ ነበር። «ነርስ»ም እንዲሁ። እንግዲህ ነርስ ስትሉ ያለውን አናባቢ ያዙና ሥራ ወደሚለው የእንግሊዝኛ ቃል ውሰዱት። አናባቢው አንድ ነው። ከ«ው» ቀጥሎ ሲመጣ ከንፈራችን ይሞጠሞጥና «ዎርክ» እንላለን፤ ሰሚው መራመድ ከሚለው ቃል ጋር ይቀላቅልብናል። ከንፈራችሁን ቶሎ አላሉት።

ማጥበቅን በተመለከተ ደግሞ አማርኛ በጣም ጠንካራ ልማድ ሰጥቶናል። ፊደል ሲደገም ካየን እናጠብቃለን። በእንግሊዝኛ ግን አንድ ቃል ውስጥ የተደገመ ተነባቢ አይጠብቅም። መደገሙ ብዙውን ጊዜ የሚነግረን ከፊቱ ስላለው አናባቢ ነው። ተስፋ ማድረግን የሚገልጸው «ሆውፒንግ» በአንድ ፒ ይጻፋል። መዝለልን የሚገልጸው «ሆፒንግ» በሁለት። ፒው በሁለቱም ላይ ላላ ብሎ ነው የሚነበበው፤ የተለወጠው አናባቢው ነው። ይህን የሚያስረዳ መምህር ለማግኘት አገር ቤት ዕድለኛ መሆን ያስፈልግ ነበር።

ከድምፆቹ ሁሉ ይልቅ ሰሚውን ግራ የሚያጋባው ግን ኃይል የሚያርፍበት ቦታ ነው። እኛ የቃሉን ክፍሎች በእኩል እንራመድባቸዋለን። እንግሊዝኛ አንዱን ይጭናል፣ ሌሎቹን ይውጣል። ምቹ የሚለውን ቃል በጽሑፉ ብታነቡት «ኮምፎርቴብል» ነው፤ ሲነገር «ከምፍተብል» ነው፤ ኃይሉም መጀመሪያው ላይ ያርፋል። «ሪኮርድ» መጀመሪያው ላይ ሲጫን መዝገብ፣ መጨረሻው ላይ ሲጫን መመዝገብ ይሆናል። አሥራ ሦስትና ሠላሳን የሚለየውም በአብዛኛው ይኸው ነው፤ አሥራ ሦስት መጨረሻው ላይ ይረዝማል፣ ሠላሳ መጀመሪያው ላይ ይጫናል። ቀጠሮ ሲሰጣችሁ ጥርጣሬ ካለ «ዋን ስሪ ወይስ ስሪ ዚሮ?» ብላችሁ በቁጥር አረጋግጡ። የአገሬው ሰዎችም እርስ በርሳቸው እንዲሁ ያደርጋሉ።

አንዱ ግን በጣም ያሳስበኛል። «ካን» እና «ካንት»። በአሜሪካ አነጋገር እችላለሁ ሲሉ «አይ ክን» ነው፤ ቃሏ ልትጠፋ ትደርሳለች። አልችልም ሲሉ «ኬንት» ጠንከር ብሎ ይሰማል፤ መጨረሻዋ ት ደግሞ ብዙ ጊዜ ትዋጣለች። እንግዲህ እናንተ ቅዳሜ መሥራት እችላለሁ ለማለት «ካን» የሚለውን ከጫናችሁት፣ አለቃችሁ የሚሰማው አልችልም ያላችሁ መስሎት ነው። ከልውውጥ ጓደኛችሁ ጋር በመጀመሪያው ሳምንት ይህችን ተለማመዱ።

አጻጻፉ ለምን እንዲህ ከአነጋገሩ ተጣላ? ዊልያም ካክስተን በ1476 እ.ኤ.አ. የማተሚያ መሣሪያ ወደ እንግሊዝ ሲያስገባ አጻጻፉ ቀስ በቀስ መርጋት ጀመረ። አነጋገሩ ግን በዚያው ዘመን እየተለወጠ ነበር። ከ1400 እስከ 1700 ባለው ጊዜ ገደማ ረጃጅሞቹ አናባቢዎች ቦታቸውን ለቀቁ። ዛሬ «ኔም» የሚባለው ስም ድሮ «ናመ» ነበር። ቢላዋ ላይ ያለው ኬ ያን ጊዜ ይነበብ ነበር። ዕዳ የሚለው ቃል ውስጥ ያለው ቢ ደግሞ ምሁራን የላቲን ዘሩን ለማሳየት የጨመሩት ነው። ስለዚህ ፊደሉን አትመኑ። አዲስ ቃል ስታዩ ከማንበባችሁ በፊት ስሙት። የካምብሪጅ የድረ ገጽ መዝገበ ቃላት የእንግሊዝንም የአሜሪካንም አነጋገር በድምፅ ይሰጣል።

እንግሊዝኛን በፊደሉ ስትወቅሱ ግን ጓደኛችሁ አማርኛ ሲያነብ እዩት። «አለ» ብላችሁ ስትጽፉለት ተናገረ ነው ወይስ ይገኛል? ላላ ወይስ ጠበቀ? ፊደላችን አይነግረውም፤ እኛ ከዐውዱ እናውቀዋለን። ጠ፣ ቀ እና ጨ ላይም ይቸገራል። ስታስተምሩት ምላሱ የት ቦታ እንዳለ፣ ትንፋሹ እንዴት እንደሚታገድ ማስረዳት ይኖርባችኋል። ያን ጊዜ የራሳችሁን አፍ ታውቁታላችሁ፣ እንግሊዝኛው ላይም ይረዳችኋል። ለዚህ ነው የአማርኛውን ግማሽ ሰዓት ተዘጋጅታችሁ ሂዱ የምለው። በመጀመሪያው ቀን ፊደል ገበታ አትዘርጉበት። ሰላምታ፣ ከዚያ አንተ፣ አንቺና እርስዎ ይበቃሉ። አያቱን «አንቺ» ብሎ ካናገረ ጥፋቱ የእናንተ ነው።

በእንግሊዝኛው ግማሽ ደግሞ ቀስ ብለህ ተናገር አትበሉት። ቀስ ብሎ የሚናገር ሰው ውጭ አይገጥማችሁም። በተለመደው ፍጥነት ይናገርና በፈቃዱ በስልካችሁ ቅዱት። «ጎይንግ ቱ» ወደ «ገነ»፣ «ዋንት ቱ» ወደ «ዋነ» ሲቀየር፣ «ተርን ኢት ኦፍ» እንደ አንድ ቃል «ተርኒቶፍ» ሲሆን ትሰማላችሁ። ቤት ገብታችሁ አሥር ሰከንዱን ብቻ ደጋግማችሁ ስሙት፣ ከእሱ እኩል ተናገሩ። ቃላቱን ብቻ ሳይሆን ዜማውንም ያዙ።

አንድ ሰው ስትለምዱ ሁለተኛ ፈልጉ፣ ከሌላ አካባቢ የመጣ ቢሆን ይመረጣል። ሥራ ቦታ አለቃችሁ ስኮትላንዳዊ፣ ሐኪማችሁ ሕንዳዊ፣ የሥራ ባልደረባችሁ ናይጄሪያዊ ሊሆኑ ይችላሉ፤ ሁሉም የሚናገሩት እንግሊዝኛ ነው።