ርካሽ የሥራ መሣሪያ ከመግዛትዎ በፊት እንዴት ይፈተሻል?

ርካሽ መሣሪያ ሁሉ አደገኛ አይደለም፤ ውድ የሆነውም ሁሉ አይበረክትም። ስለዚህ ዋጋ ከመጠየቅዎ በፊት ራስዎን ይጠይቁ፦ ይህ ዕቃ ሥራ ላይ እያለ ቢሰበር ምን ይደርስብኛል?

1. በዚህ ጥያቄ ይለዩ። ሜትር፣ የቀለም ብሩሽ ወይም የእንጨት መጋዝ ቢበላሽ ብዙውን ጊዜ የሚጎዳው ኪስ ነው። እነዚህን በርካሽ ይግዙ፣ ግድ የለም። ግራይንደር (ብረት መቁረጫና መሞረጃ ማሽን)፣ የመኪና ክሪክ፣ መሰላልና ኤሌክትሪክ የሚነካ ነገር ግን ሌላ ጉዳይ ነው። እዚህ ላይ ቅናሽ ባያሳድዱ ይሻላል።

2. በእጅዎ ይዘው ይሞክሩት። ፒንሳውን ዘግተው ወደ ብርሃን ያንሱት። ጫፎቹ ካልገጠሙ ወይም መገጣጠሚያው ወደ ጎን ከተወዛወዘ ይመልሱት። የመዶሻው ራስ እጀታው ላይ መነቃነቅ የለበትም። የብሎን መፍቻ ቁልፍ አፉ ከላላ ጉልበት ሲሰጡት ይንሸራተትና ጣትዎ ብረት ላይ ያርፋል። "ክሮም ቫናዲየም" (ጠንካራ የብረት ዓይነት) የሚለው ጽሑፍ ደስ ይላል፣ ግን ጽሑፍ ማንም ያትማል። የድሪል ጫፍ ወርቅማ ስለሆነም አይሸወዱ፤ ቀለሙ ከሥሩ ስላለው ብረት ምንም አይናገርም።

3. የኤሌክትሪክ ምልክቱን ይፈልጉ። የፕላስቲክ እጀታ ብቻውን ከኤሌክትሪክ አይከላከልም። ለዚህ ሥራ የተሠራ ካቻቢቴ ወይም ፒንሳ ላይ 1000 ቮልት የሚል ጽሑፍና ተደራርበው የተሳሉ ሁለት ባለሦስት ማዕዘን ቅርጾች ይኖራሉ። ምልክቱ ቢኖርም መጀመሪያ ቆጣሪውን ያጥፉ።

4. ግራይንደር ላይ አይቸኩሉ። ብዙ ጊዜ አደጋ የሚያመጣው ማሽኑ ሳይሆን ዲስኩ ነው። ትናንሾቹ ግራይንደሮች በደቂቃ 11,000 ዙር ገደማ ይሽከረከራሉ። ዲስኩ ላይ የተጻፈው ከፍተኛ ዙር ከማሽኑ ማነስ የለበትም፤ ባለ 115 ሚሊ ሜትር ዲስክ ላይ ብዙውን ጊዜ 13,300 ተጽፎ ያገኛሉ። ቁጥር የሌለውን አይግዙ። መሃሉ ላይ ባለው የብረት ቀለበት የማብቂያ ጊዜውንም ይመልከቱ፤ ዲስኩን የሚያያይዘው ሙጫ በጊዜና በእርጥበት ይደክማል። የወደቀ ወይም የተሰነጠቀ ዲስክ ይጣል። ትልቅ ዲስክ ለማስገባት ብለው መከለያውን አያውልቁ። ይህ ድፍረት ሳይሆን እብደት ነው። አዲስ ዲስክ ሲገጥሙ መነጽር ያድርጉ፣ ወደ ጎን ቆመው ለ1 ደቂቃ ያህል በባዶው ያሽከርክሩት።

5. መኪና ሥር በክሪክ ብቻ አይግቡ። ክሪክ ለማንሳት ነው፤ ሸክሙን የሚይዘው ከተነሳው መኪና ሥር የሚቆመው መደገፊያ እግር ነው። እሱንም ቢሆን በጭፍን አይመኑት። እ.ኤ.አ. በ2020 ሃርበር ፍሬይት የተባለው የአሜሪካ የቅናሽ መሣሪያ ሻጭ ባለ 3 እና ባለ 6 ቶን መደገፊያዎችን ከገበያ ሰብስቧል። ከፍታውን የሚይዙት ጥርሶች በደንብ ላይነክሱና መኪናው ሊወርድ ይችል ነበር። በኋላም በምትክነት ከቀረቡት አንዳንዶቹ ላይ የብየዳ ጉድለት ተገኘ። ስለዚህ የሞዴል ቁጥሩን ኢንተርኔት ላይ ይፈልጉት፤ ከገበያ ይሰብሰብ የሚል ማስታወቂያ ካለ ይወጣል።

6. ደረሰኙን ይያዙ። መሣሪያውን መደርደሪያ ላይ አያሳድሩት፤ የመመለሻው ቀን ሳያልፍ ከበድ ያለ ሥራ ይስጡት። ካቻቢቴው የጠበቀ ብሎን ላይ ጫፉ ከተጠማዘዘ ወይም ድሪሉ የተቃጠለ ሽታ ካመጣ፣ ይዘውት ይመለሱ።