ባስ ዓሣን በፕላስቲክ ትል ለማጥመድ፦ ስለ ዘንግ፣ ስለ ክርና ስለ አጣጣል

አፈ ሰፊው የባስ ዝርያ በገላጣ ውኃ ከመዘዋወር ይልቅ በውኃ ሣር፣ በወደቀ ግንድና በድንጋይ ጥግ አድፍጦ በአጠገቡ የሚያልፈውን መንጠቅ ስለሚቀናው፣ መሣሪያ ሲመረጥ ይህ ጠባዩ ታሳቢ ሊደረግ ይገባል። ለጀማሪ 2.1 ሜትር ገደማ የሚረዝም፣ ወገቡ ጠንከር ያለና ጫፉ ብቻ የሚለምጥ ዘንግ ይበቃዋል፤ ውድ የክር መጠቅለያ መግዛት ግን፣ በእኔ አስተያየት፣ የሚጣደፉበት ጉዳይ አይደለም። ፍሎሮካርበን የተባለው የፕላስቲክ ክር ስለሚሰምጥና ውኃ ውስጥ ብዙም ስለማይታይ ለጠራ ውኃ ይመረጣል፤ ጥቅጥቅ ላለ ሣር ደግሞ የማይለጠጠው ጉንጉን ክር ይሻላል።

ትሉን፣ ማለትም በትል ቅርጽ የተሠራውን ለስላሳ የፕላስቲክ ማጥመጃ፣ ለመሰካት በቅድሚያ ከ5 እስከ 10 ግራም የሚመዝን ጥይት መሰል ክብደት በክሩ ላይ ያስገቡና መንጠቆውን በክሩ ጫፍ ይቋጥሩ፤ ቋጠሮው ከመጥበቁ በፊት በምራቅ ካልረጠበ ሰበቃው ክሩን ያደክመዋል። ከዚያም የመንጠቆውን ጫፍ በትሉ ራስ ግማሽ ሴንቲሜትር ያህል አስገብተው በጎን ካወጡት በኋላ፣ አዙረው መልሰው በትሉ ገላ ውስጥ ይደብቁት። ትሉ ቀጥ ብሎ ካልተሰካ ሲጎተት እየተሽከረከረ ክሩን ያወሳስባል፤ ብዙዎች ቸል የሚሉትም ይህንኑ ነው።

ባስ ብዙ ጊዜ የሚነክሰው ትሉ ወደ ታች በመስመጥ ላይ ሳለ ስለሆነ፣ ከወረወሩ በኋላ ዓይንዎን ከክሩ አይንቀሉ። ክሩ ወደ ጎን ከሄደ ወይም ከተጠበቀው ቀድሞ ከረገበ፣ ዘንጉን ዝቅ አድርገው የላላውን ክር ጠቅልሉና በኃይል ወደ ላይ ይሳቡ።