የኦንታ ሸክላ ሲገዙ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ኦንታ በጃፓን ኪዩሹ ደሴት፣ በሂታ ከተማ ሥር ያለች ትንሽ የተራራ መንደር ናት። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1705 ጀምሮ ጥቂት ቤተሰቦች እዚያው ሸክላ ይሠራሉ። ሙያው ከአባት ለልጅ ይተላለፋል። ዕቃው ልብ ይሰርቃል፤ ግን አመራረጡም አያያዙም ብዙ ሰው ይሳሳትበታል።

አንደኛ፣ የሠሪውን ስም መፈለግ። ሳህኑን ቢገለብጡት የሚያገኙት የመንደሩን ማኅተም ነው። ቤተሰቦቹ አፈሩን አብረው ቆፍረው ይካፈሉታል። በ1995 የጃፓን መንግሥት ሙያውን በብሔራዊ ቅርስነት ሲመዘግብ እንኳ ዕውቅናው የተሰጠው ለማኅበራቸው እንጂ ለአንድ ሰው አይደለም። ስም ስለሌለው ተራ ዕቃ ነው ብሎ ማለፍ ያስቆጫል።

ሁለተኛ፣ ዙሪያውን የተደረደሩትን ጭረቶች የማሽን ሥራ አድርጎ ማየት። ሠሪው ጠቆር ያለውን ሸክላ ነጭ ቀጭን ጭቃ ይቀባዋል። ጠፈፍ ሲል መንኮራኩር ላይ አድርጎ በእግሩ እየገፋ ያሽከረክረዋል። ከዚያ ቀጭን፣ የሚተጣጠፍ ብረት ጠጋ ያደርግበታል። ብረቱ እየነጠረ ነጩን ቅብ ጫር ጫር ሲያደርገው የሥሩ ጥቁር አፈር ብቅ ይላል። እጁ ከጠነከረ ሸክላው ይቦረቦራል፤ ከላላ ምንም አይወጣም። ስለዚህ ፍጹም አንድ ዓይነት ሁለት ሳህን ፍለጋ አይድከሙ።

ሦስተኛ፣ «ለምን ማሽን አያስገቡም?» ማለት። የአፈሩ ድንጋይ የሚወቀጠው በወንዝ ውኃ ነው። የረጅም ግንድ አንድ ጫፍ እንደ ገንዳ ተቦርብሯል። ውኃ ሲሞላው ዘንበል ብሎ ይደፋል፤ ሌላኛው ጫፍ እንደ ዘነዘና ወርዶ ይወቅጣል። እንዲህ እየተባለ ሳምንታት ይፈጃል። መንደሩ ቀን ከሌሊት ድው ድው ይላል። ምርቱን የሚወስነው ይህ ፍጥነት ነው። በእኔ እምነት ሙያው በቤተሰብ እጅ የቆየውም ለዚህ ነው፤ አፈሩ ቢትረፈረፍ ቅጥር ሠራተኛና ፋብሪካ ይከተል ነበር።

አራተኛ፣ ቁም ሳጥን ውስጥ መቆለፍ። የተራ ሰው ዕደ ጥበብ ይከበር ብሎ የተነሣው ጃፓናዊ አሳቢ ያናጊ ሶኤትሱ በ1931፣ እንግሊዛዊው ሸክላ ሠሪ በርናርድ ሊች ደግሞ በ1954 ወደ መንደሩ ሄደው ዝናዋ ተሰማ። ያደነቁት ግን የገበሬ ቤት ማሰሮና ሳህን ነበር። ይብሉበት።

አምስተኛ፣ ሳያርሱ ዘይት ያለው ምግብ ማቅረብ። መጀመሪያ ንጹሕ ውኃ ውስጥ ነከር ያድርጉት፤ አለበለዚያ ዘይቱ ሰርጎ ይገባል። ካጠቡት በኋላም በደንብ ሳይደርቅ አይደርድሩት፤ ይሻግታል።