በወንጀል ችሎት በማስረጃ ላይ መቃወሚያ ማቅረብና ለይግባኝ ማቆየት

በ1954 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ በአንቀጽ 184 እንደሚደነግገው፣ ፍርድ ቤት አንድን ማስረጃ በመቀበሉ ወይም ባለመቀበሉ ቅር የተሰኘ ወገን ዋናው ጉዳይ ሳያልቅ በዚያ ውሳኔ ላይ ብቻ ይግባኝ ማለት አይችልም፤ ይሁን እንጂ በመጨረሻው ፍርድ ላይ ይግባኝ ሲጠይቅ ያንኑ ነጥብ እንደ አንድ የይግባኝ ምክንያት ማንሳት ይፈቀድለታል። በማስረጃው ላይ በተሰጠው ውሳኔና በይግባኙ መካከል ወራት ሊያልፉ ይችላሉ። የይግባኝ ዳኞች በችሎቱ አልነበሩም፤ የሚያውቁት መዝገቡ የነገራቸውን ብቻ ነው። በቃል ተነግሮ ሳይመዘገብ የቀረ መቃወሚያ፣ የቱንም ያህል ትክክል ቢሆን፣ ለእነርሱ እንዳልተነሳ የሚቆጠርበት አደጋ ከፍተኛ ነው። ስለዚህ ተከሳሹም ሆነ ጠበቃው የይግባኙን ሥራ የሚጀምሩት ፍርዱ ከተነበበ በኋላ ሳይሆን የመጀመሪያው ማስረጃ በሚቀርብበት ዕለት ነው።

በመጀመሪያ ሁለት የተለያዩ መቃወሚያዎችን መለየት ያስፈልጋል። በአንቀጽ 130 መሠረት የሚቀርበው የመጀመሪያ ደረጃ መቃወሚያ በክሱ ላይ የሚነሳ ነው፤ ጉዳዩ ቀድሞ ፍርድ ያገኘ እንደሆነ፣ በይርጋ (ክስ ለማቅረብ የተወሰነው ጊዜ በማለፉ) የታገደ እንደሆነ፣ ወይም ክሱ በሕጉ መሠረት ያልተዘጋጀ እንደሆነ የሚቀርበው በዚህ ነው። በማስረጃ ወይም ለምስክር በሚቀርብ ጥያቄ ላይ የሚነሳው መቃወሚያ ግን በአንቀጽ 146 የሚመራ ሲሆን፣ ፍርድ ቤቱም ተቀባይነቱን ወዲያውኑ እንዲወስን ሕጉ ያዛል። ከክሱ ጋር የተያያዘው የማስረጃ ዝርዝር ሲደርስ እያንዳንዱን ማስረጃ መርምሮ የሚቃወሙትን ከነምክንያቱ በጽሑፍ ማዘጋጀት ተገቢ ነው፤ መቃወሚያው የሚነገረው ግን ማስረጃው ሲቀርብ፣ ጥያቄውም ከሆነ ምስክሩ ከመመለሱ በፊት ነው። ከመልሱ በኋላ የሚነሳ ተቃውሞ ዳኛው የሰማውን ከአእምሮው ሊያወጣለት አይችልም።

«እቃወማለሁ» ብሎ መቀመጥ ለይግባኝ አይጠቅምም። የሚቃወሙት ማስረጃ የትኛው እንደሆነ፣ የሕጉ መሠረት ምን እንደሆነ እና ፍርድ ቤቱ ምን እንዲያዝ እንደሚፈለግ በአጭሩ መነገር አለበት። ለምሳሌ፦ «ክቡር ፍርድ ቤት፣ ዐቃቤ ሕግ ያቀረበው የተከሳሹ የፖሊስ ቃል በማስገደድ የተገኘ ስለሆነ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 19 ንዑስ አንቀጽ 5 መሠረት ተቀባይነት የለውም፤ ከመዝገቡ እንዲወጣልን፣ መቃወሚያችንና የሚሰጠው ትእዛዝም እንዲመዘገብልን እናመለክታለን።» በይግባኝ ጊዜ በሥር ፍርድ ቤት ካልተነሳ ምክንያት ይልቅ የተነሳው ክብደት ስለሚኖረው፣ ከአንድ በላይ ምክንያት ካለ ሁሉም በዚያው ጊዜ ይጠቀስ።

ከሁሉ ይበልጥ ጥንቃቄ የሚሻው የእምነት ቃል፣ ማለትም ተከሳሹ ጥፋቱን አምኖ የሰጠው ቃል ነው። የተያዘ ሰው ላለመናገር መብት እንዳለውና የሚሰጠው ቃል በማስረጃነት ሊቀርብበት እንደሚችል ሊነገረው እንደሚገባ የሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 27 ይደነግጋል፤ ቋንቋውን በሚገባ የማይረዳ ከሆነም አስተርጓሚ እንዲያገኝ ያዛል። አንቀጽ 31 ደግሞ ፖሊስ በማባበል፣ በማስፈራራት፣ በተስፋ ወይም በሌላ ተገቢ ባልሆነ መንገድ ቃል እንዳይቀበል ይከለክላል። በአንቀጽ 35 መሠረት በፍርድ ቤት የሚሰጥ ቃልም ቢሆን፣ ዳኛው ሰውየው በፈቃዱ የሚናገር መሆኑን ጠይቆ ሳያረጋግጥ ሊመዘገብ አይገባም፤ ይህ ጥያቄና መልስ በመዝገቡ ላይ ከሌለ ራሱን የቻለ የመቃወሚያ ምክንያት ነው። እነዚህን አንቀጾች መጥቀስ ብቻውን ግን በቂ አይደለም፤ ግዳጁን የሚያሳይ ነገር መኖር አለበት። ድብደባ ወይም ዛቻ የደረሰበት ሰው ይህንን በመጀመሪያው የጊዜ ቀጠሮ ችሎት (ፖሊስ ለምርመራ ተጨማሪ ጊዜ በሚጠይቅበት) ተናግሮ እንዲመዘገብለት፣ የሚታይ ጉዳት ካለ ዳኛው አይቶ እንዲያሰፍርለት፣ ወደ ሕክምናም እንዲላክ ትእዛዝ እንዲሰጥለት መጠየቅ አለበት። ያ መዝገብና የሕክምናው ማስረጃ ከወራት በኋላ መቃወሚያው የሚቆምባቸው ምሰሶዎች ይሆናሉ። በዚያን ጊዜ በፍርሃት ዝም ያለ ሰው መብቱን አያጣም፤ ለምን ዝም እንዳለ ግን ማስረዳት ይጠበቅበታል።

ሕገ መንግሥቱ በግዳጅ ስለተገኘ ማስረጃ የተናገረውን ያህል ግልጽ ቃል ስለ ሕገ ወጥ ብርበራ አልተናገረም። በመሆኑም ያለ ትእዛዝ በተደረገ ብርበራ የተያዘ ኤግዚቢት (በማስረጃነት የሚቀርብ ዕቃ) ሲቀርብ፣ መቃወሚያው የሥነ ሥርዓት ሕጉን አንቀጽ 32ና 33 እንዲሁም የሕገ መንግሥቱን አንቀጽ 26 ከመጥቀስ አልፎ፣ ዕቃው በእርግጥ ከተከሳሹ ዘንድ ስለመገኘቱ፣ ማን እንደፈረመበትና በማን እጅ እንደቆየ መጠየቅ ይኖርበታል።

በምስክር ላይ የሚነሳው ተቃውሞ በአብዛኛው በሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 137 ላይ የተመሠረተ ነው። ምስክሩን የጠራው ወገን የሚያቀርበው ዋና ጥያቄ ለጉዳዩ አግባብ ያለውንና ምስክሩ በቀጥታም ሆነ በተዘዋዋሪ የሚያውቀውን ፍሬ ነገር ብቻ ይመለከታል፤ መልሱን ለምስክሩ የሚያቀብል መሪ ጥያቄ ቦታው ተቃራኒው ወገን በሚያቀርበው መስቀለኛ ጥያቄ ላይ ነው። «በተዘዋዋሪ» የሚለው ቃል በሕጉ ስላለ፣ ከሌላ ሰው የሰማውን የሚናገር ምስክር ቃሉ ጨርሶ እንዳይሰማ ከመታገል ይልቅ ክብደት እንዳይሰጠው መከራከር የተሻለ መንገድ ይመስለኛል። ምስክሩ በፖሊስ ከሰጠው ቃል የተለየ ነገር ከተናገረ፣ የቀድሞው ቃል ቀርቦ እምነት የሚጣልበት ስለመሆኑ እንዲመዘንበት በአንቀጽ 145 መጠየቅ ይቻላል። ለእያንዳንዱ ጥቃቅን ጥያቄ መነሳት ግን አይበጅም፤ የችሎቱን ትዕግሥት ከማሟጠጡም በላይ ዋናው መቃወሚያ በብዙዎቹ መካከል እንዲሰወር ያደርጋል። ማስረጃው ቢወጣ የክሱ አንድ ነጥብ ይናጋል ወይ ብሎ ራስን መጠየቅ ጥሩ መለኪያ ነው።

ዳኞች «መቃወሚያውን በፍርድ ጊዜ እንመለከተዋለን» ሊሉ ይችላሉ። በዚህ ጊዜ በአክብሮት አንቀጽ 146ን ጠቅሶ አሁኑኑ እንዲወሰን መጠየቅ፣ ካልተሳካም ጥያቄው እንዲመዘገብ ማድረግ ይገባል። ከዚያም ተከሳሹ ይከላከል ወይስ በነጻ ይሰናበት የሚለው ብይን ከመሰጠቱ በፊት በሚቀርብ አስተያየት፣ ቀጥሎም በመጨረሻው የክርክር ማቆሚያ ንግግር ያንኑ መቃወሚያ መድገም ያስፈልጋል፤ ዝምታ እንደ መተው እንዳይቆጠር የሚከለክለው ይህ ነው።

ተከሳሹ ያቀረበው ማስረጃ ሲከለከልም ጥንቃቄው ያው ነው። ምስክሩ ቢሰማ ምን እንደሚያስረዳ፣ ሰነዱ ቢቀርብ የትኛውን ነጥብ እንደሚያፈርስ በዝርዝር ተነግሮ ካልተመዘገበ፣ የይግባኝ ፍርድ ቤቱ ክልከላው ያስከተለውን ጉዳት የሚለካበት ነገር አይኖረውም። የሰነዱ ቅጂ ከማመልከቻ ጋር ለመዝገብ ቤት ገብቶ የገቢ ቁጥርና ቀን ቢያገኝ ይመረጣል።

ከእያንዳንዱ ቀጠሮ በኋላ የዕለቱን ተቃውሞ፣ ምክንያቱንና የተሰጠውን ትእዛዝ ከነቀኑ በራስ ማስታወሻ ማስፈር ልማድ ይሁን። የምስክር ቃል በድምፅ በሚቀዳበት ችሎት ግልባጩ ሲደርስ ከዚህ ማስታወሻ ጋር ይነጻጸር፤ መቃወሚያው ተዘልሎ ከተገኘ ፍርድ ሳይሰጥ፣ ከድምፁ ጋር ተመሳክሮ እንዲታረም በጽሑፍ ይመልከትበት ዘንድ ለፍርድ ቤቱ ማመልከቻ ይቅረብ። የይግባኝ ማመልከቻው መቃወሚያው የተነሳበትን ቀንና የመዝገቡን ገጽ፣ የተሰጠውን ትእዛዝና የተሳሳተበትን ሕግ ለይቶ ይግለጽ። ያ ማስረጃ ባይኖር ቀሪው ማስረጃ ጥፋተኛ ለማለት የማይበቃ መሆኑንም ከሥር ፍርድ ቤቱ የፍርድ ሐተታ እየጠቀሰ ያሳይ፤ ፍርዱ በተነቀፈው ማስረጃ ላይ የተመሠረተባቸው አረፍተ ነገሮች ለዚህ ከሁሉ የበለጠ ይጠቅማሉ።