የጠፋ መዝናኛ ፓርክና ዳንስ ቤት ታሪክ እንዴት ይፈለጋል?

ፍለጋው ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ከሰው አፍ ነው። «እዚህ ጋ እኮ ድሮ ዳንስ ቤት ነበር» ይላችኋል አንዱ። ዞር ስትሉ የምታዩት የመኪና ማቆሚያ ነው። ስንቱ የትዳር ጓደኛውን ያገኘበት ቦታ እንዲህ ምልክት ሳይተው ሲጠፋ በጣም ያሳዝነኛል። ግን ፈልጎ ማግኘት ይቻላል።

1. ከአዛውንት ጀምሩ። ወረቀቱ ነገም አለ፤ እሳቸው ግን ላይኖሩ ይችላሉ። ዓመተ ምሕረት አትጠይቁ፣ ይምታታል። «ያኔ አግብተው ነበር? ማን ነበር የሚጫወተው? በምን ነበር የሚሄዱት?» በሉ። ፈቃድ ጠይቃችሁ በስልካችሁ ቅዱ።

2. ስሞቹን ሁሉ መዝግቡ። ባለቤቱ ሲቀየር ስሙም ይቀየራል። አንድ ስም ደግሞ ብዙ ቦታ ይኖራል። እ.ኤ.አ. በ1903 ኒው ዮርክ ኮኒ አይላንድ ላይ ሉና ፓርክ ከተከፈተ ወዲህ ስሙ ዓለምን አዳርሷል፤ ሜልቦርንም ሲድኒም አለ። ስለዚህ ስሙን ከከተማው ጋር አድርጋችሁ ፈልጉ።

3. ካርታ ላይ አግኙት። «በምን ነበር የሚሄዱት?» ያልኩት ለዚህ ነው። አሜሪካ ውስጥ ብዙ መዝናኛ ፓርኮችን የሠሩት የትራም ኩባንያዎች ናቸው። ቅዳሜና እሁድ ተሳፋሪ ለማግኘት ሲሉ ፓርኩን መስመሩ መጨረሻ ላይ ያደርጉት ነበር። የድሮውን የትራም መስመር ተከተሉ። ለአሜሪካ ከተሞች የሳንቦርን የእሳት ኢንሹራንስ ካርታን የሚያህል የለም። ካርታው ላይ ቢጫ የተቀባው የእንጨት ቤት ነው፣ ሮዙ የጡብ። የኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ብዙዎቹን በነፃ ኢንተርኔት ላይ አስቀምጧቸዋል። ዳንስ ቤት ስትፈልጉ ምድር ቤቱን ብቻ አትዩ። ኒው ዮርክ ሀርለም የነበረው ዝነኛው ዳንስ ቤት ሳቮይ እንኳ አዳራሹ ፎቅ ላይ ነበር።

4. ጋዜጣ። ጊዜ የሚበላው፣ ሰው የሚሳሳተውም እዚህ ነው።

ኮምፒውተር ያነበበው የድሮ ጋዜጣ ፊደሉ ይዘባረቃል። በስሙ ካጣችሁት በመንገዱ ስም ወይም በባንዱ ስም ሞክሩ። «ዳንስ» የሚለውን ቃል ብቻ አትመኑ፤ ያው አዳራሽ ሌላ ቀን የስኬቲንግ ወይም የስብሰባ ቦታ ሊሆን ይችላል። የድሮ ጋዜጦች የሚነበቡበት የአውስትራሊያው ድረ ገጽ ትሮቭ አንባቢው ራሱ የተዘባረቀውን እንዲያርም ይፈቅዳል፤ ሁሉም እንደሱ ቢሆን እላለሁ።

ትልቁ ወጥመድ ግን ማስታወቂያ ነው። አንድ ጊዜ ስለ አንድ ፓርክ ስጽፍ «ቅዳሜ ይከፈታል» የሚል ማስታወቂያ አገኘሁ። ደስ ብሎኝ ቀኑን የመክፈቻ ቀን ብዬ አወጣሁት። ሌሎችም ከእኔ ወሰዱት። ከወራት በኋላ የሚቀጥለውን ሳምንት እትም ሳገላብጥ ግንባታው ስላላለቀ መክፈቻው ተራዝሟል ይላል። ጽሑፌን አረምኩ፤ የተሳሳተው ቀን ግን እስከ ዛሬ እዚህም እዚያም ይዞራል። በጣም ይቆጨኛል።

ማስታወቂያ የታሰበውን እንጂ የሆነውን አይነግርም። ኮኒ አይላንድ የነበረው ድሪምላንድ የተባለ መዝናኛ ፓርክ እ.ኤ.አ. ግንቦት 27 ቀን 1911 ለአዲሱ ወቅት ሊከፈት ሰዓታት ሲቀሩት ተቃጥሎ ወደመ። ስለዚህ ማስታወቂያ ስታገኙ ከዚያ በኋላ የወጡትን ቢያንስ ሁለት እትሞች አንብቡ። «ትናንት ተከፈተ» የሚል ዜና እስክታገኙ ቀኑን በእርሳስ ጻፉት። ወሬው ድንገት ከተቋረጠ ደግሞ የእሳት አደጋ ዜና ፈልጉ። አብዛኛው ነገር እንጨት ነበር።

5. ፖስታ ካርድ ውብ ነው፣ ግን ተጠንቀቁ። ቀለሙ በእጅ የተቀባ ሊሆን ይችላል። ማኅተሙ ላይ ያለው ቀን የተላከበት እንጂ ፎቶው የተነሳበት አይደለም።

6. በመጨረሻ ካርታውን ይዛችሁ ቦታው ድረስ ሂዱ። የግል ይዞታ ከሆነ አስፈቅዱ። ሳቮይ እ.ኤ.አ. በ1958 ተዘግቶ ቦታው ላይ የመኖሪያ ሕንፃ ቆሟል፤ ብዙ ቦታ የሚጠብቃችሁም ይኸው ነው። ቢሆንም መሬቱን አስተውሉ። ያለ ምክንያት የሚጠመዘዝ መንገድ፣ በመስመር የተተከሉ አሮጌ ዛፎች፣ ሳር የዋጠው የሲሚንቶ ደረጃ ካለ ካርታው ላይ ምልክት አድርጉበት። ከዚያ ፎቶ አንሱና መጀመሪያ ላነጋገራችኋቸው አዛውንት አሳዩ። ያኔ ያልነገሯችሁ ብዙ ነገር ይመጣላቸዋል።