በሶቪየት ግንባር የወደቀን የጦር አውሮፕላን ማንነት ከስብርባሪው የማጣራት ዘዴ

ከ1941 እስከ 1945 (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) ከባሬንትስ ባሕር እስከ ጥቁር ባሕር በተዘረጋው ግንባር የወደቁ አውሮፕላኖች ዛሬም ከረግረግና ከጫካ ይወጣሉ። አንድን ስብርባሪ ለመለየት መነሻው በብረቱ ላይ ያለው ቁጥር ነው። የአብራሪው ስምም ሆነ «እኔ ጣልኩት» ያለው ባላጋራ መጨረሻ ላይ ነው የሚመጡት። ብዙ ሰው ግን ከታዋቂ አብራሪ ስም ይነሣና ማስረጃውን ሁሉ ወደዚያ ስም ይጎትታል።

ቦታው ላይ ያላችሁ ከሆነ አካፋ ከማንሣታችሁ በፊት ፈቃድ ያስፈልጋችኋል። በሩሲያ በ1993 በወጣው ሕግ መሠረት የጦርነት ቅሪት ፍለጋ የተፈቀደላቸው ድርጅቶች ሥራ ነው። የ20 ሚሊሜትር ጥይት፣ የክንፍ ሥር ሮኬትና ያልፈነዳ ቦምብ ዛሬም ሊፈነዱ የሚችሉ ሆነው ይገኛሉ፤ አትንኳቸው። ሌሊት እንዲያበሩ ጨረር በሚለቀው ራዲየም የተቀቡ የመቆጣጠሪያ ሰዓቶችም በባዶ እጅ አይያዙም፣ ቤት አይወሰዱም።

ዓይነቱን ከሞተሩ ለዩ። አካሉ ቢቀልጥ፣ ቢዘረፍ ወይም ለብረታ ብረት ቢሸጥ እንኳ ሞተሩ መሬት ውስጥ ጠልቆ ይቀራል። በውኃ የሚቀዘቅዝ ባለ12 ሲሊንደር ከሆነ የሲሊንደሮቹን አቅጣጫ እዩ። የጀርመኖቹ ዳይምለር ቤንዝ 601 እና 605 እንዲሁም ዩሞ 211 ሲሊንደሮቻቸው ወደ ታች የተዘቀዘቁ ናቸው። የሶቪየቶቹ ኤም-105 እና ኤኤም-38 ግን ወደ ላይ የቆሙ ናቸው። ሲሊንደሮቹ እንደ ኮከብ ዙሪያውን ከተደረደሩ ቁጠሯቸው፦ 5 ከሆኑ የፖ-2 ሞተር ኤም-11 ነው፤ 9 ከሆኑ የኢ-16 ወይም የጀርመኑ ማመላለሻ ዩንከርስ 52 ሊሆን ይችላል፤ 14 ከሆኑ የሶቪየቶቹን ላ-5 እና ኢል-4 ወይም የጀርመኑን ፎከ-ዉልፍ 190 አስቡ።

ሞተሩ ብቻውን ግን ዓይነቱን አይዘጋም። ኤም-105 በያክ-1፣ በላግ-3 እና በፔ-2 ላይ ተገጥሟል። ፔ-2 ደግሞ ባለሁለት ሞተር ስለሆነ አንዱን አግኝታችሁ «ያክ ነው» ብላችሁ እንዳትጨርሱ፤ ሁለተኛው ራቅ ብሎ ሊገኝ ይችላል። ለመለየት ከሁሉ ቀላሉ የሶቪየቱ የምድር ጥቃት አውሮፕላን ኢል-2 ነው። ሞተሩንና አብራሪውን የከበበው ከ4 እስከ 12 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው ብረት ለበስ ቅርፊት ስለማይበሰብስ እንዳለ ይወጣል።

ሌላው ወጥመድ የላቲን ፊደል ነው። የላቲን ጽሑፍ ያለበት ሁሉ ጀርመን አይደለም። አሜሪካ ብቻ ከ4,700 በላይ ኤራኮብራ ተዋጊ አውሮፕላኖችን ለሶቪየት ልካለች፤ የእንግሊዙ ሃሪኬንና የአሜሪካው ቦስተንም ነበሩ። ኤራኮብራን የሚለየው ሞተሩ ከአብራሪው ጀርባ መሆኑና ወደ ፕሮፔለሩ የሚሄደው ረጅም ዘንግ ነው።

አሁን ወደ ቁጥሮቹ። የሞተር ቁጥርና የአውሮፕላኑ የፋብሪካ ቁጥር የተለያዩ ናቸው፤ በማስታወሻችሁ ላይ ለየብቻ ጻፏቸው። በጀርመን ዕቃ ላይ በ8 የሚጀምር የክፍል መለያ የአካል ነው፤ ለምሳሌ 8-109 የሜሰርሽሚት 109 ማለት ነው። በ9 የሚጀምረው የሞተር ነው። እነዚህ ዓይነትን እንጂ አንድን አውሮፕላን አይነግሯችሁም። የአሉሚኒየም ታርጋዎችን በውኃና በለስላሳ ብሩሽ ብቻ እጠቡ፤ የሽቦ ብሩሽና አሲድ ጥልቀት የሌለውን ጽሑፍ ይዞት ይሄዳል። የደበዘዘ ቁጥር ጨለማ ክፍል ውስጥ ባትሪ ከጎን አብርታችሁ፣ ማስመሪያ አጠገቡ አድርጋችሁ ፎቶ ስታነሡት ይነበባል።

ከተለያየ ቦታ የተነሡ ቢያንስ ሦስት ቁጥሮች ካልተስማሙ አትወስኑ። ምክንያቱም በጀርመን መዝገብ ጉዳት በመቶኛ ይመዘን ነበር። እስከ 59 ድረስ ያለው ይጠገናል፤ ከ60 በላይ የሆነው ከአገልግሎት ይወጣል፣ ደኅናው ዕቃ ተፈትቶ ሌላ አውሮፕላን ላይ ይገጠማል፤ 100 ሙሉ ጥፋት ነው። ስለዚህ ያገኛችሁት የመሪ ቁራጭ ከወራት በፊት ሌላ ሜዳ ላይ የተሰበረ አውሮፕላን ቁጥር ሊይዝ ይችላል።

የጀርመን የቦምብ ጣይ አካል ከነቀለሙ ከተገኘ ሥራው ይቀላል። በአካሉ ጎን ከተሳለው መስቀል ግራ ያሉት ሁለት ምልክቶች አውሮፕላኑ የነበረበትን ክንፍ (ብዙ ስኳድሮኖች ያሉትን የአየር ኃይል ክፍል) ይናገራሉ፤ ጂ1 የ55ኛው ቦምብ ጣይ ክንፍ ነው። ከመስቀሉ ቀኝ መጀመሪያ ያለው ፊደል የአውሮፕላኑ የግል መለያ ሲሆን፣ የመጨረሻው ስኳድሮኑን ያሳያል፦ ኤች 1ኛ፣ ኬ 2ኛ፣ ኤል 3ኛ፣ ኤም 4ኛ። ተዋጊዎች በፊደል ፋንታ ባለቀለም ቁጥር ይጠቀሙ ነበር።

ቀጥሎ ቁጥሩን ከመዝገብ ጋር ማገናኘት ነው። የጀርመን አየር ኃይል የኳርተርማስተር ጄኔራል (የአቅርቦት ኃላፊ) የኪሳራ ዝርዝር ቀኑን፣ ክፍሉን፣ የፋብሪካ ቁጥሩን፣ ቦታውንና መቶኛውን ይዟል፤ ፍራይቡርግ በሚገኘው ወታደራዊ ቤተ መዛግብት ይገኛል። የ1944 ጥራዞች በአብዛኛው ስለጠፉ ለዚያ ዓመት የጠፉትን ሰዎች በስም የሚዘረዝሩ የኪሳራ ሪፖርቶችን መፈለግ ግድ ነው። በሶቪየት በኩል ዋናው ክምችት ፖዶልስክ ከተማ ባለው ወታደራዊ ቤተ መዛግብት ነው፤ ብዙው ሰነድ «ፓምያት ናሮዳ» በተባለው የመከላከያ ሚኒስቴር ድረ ገጽ ላይ በነፃ ይነበባል። የሬጅመንት የኪሳራ ሰነዶች ብዙ ጊዜ የአውሮፕላኑንና የሞተሩን ቁጥር ጎን ለጎን ይጽፋሉ፤ ሞተሩ ላይ ያነበባችሁት ቁጥር ዋጋ የሚያገኘው እዚህ ነው።

«ከግዳጅ ያልተመለሰ» የሚለውን ዝርዝር ብቻ አትመልከቱ። በሩሲያ ወታደራዊ ስታቲስቲክስ መሠረት ሶቪየት ካጣቻቸው 88,300 የውጊያ አውሮፕላኖች በውጊያ የጠፉት 43,100 ናቸው። ከግማሽ በላይ የሚሆነው በአደጋ፣ በሥልጠናና በብልሽት የጠፋ ነው። በሰነዱ «ካታስትሮፋ» ሰው የሞተበት፣ «አቫሪያ» አውሮፕላኑ ተሰብሮ ሰው የተረፈበት አደጋ ነው። በጀርመን በኩል ደግሞ ስፋቱ ራሱ ያስቸግራል። ለስታሊንግራድ በተደረገው የአየር አቅርቦት ብቻ 488 አውሮፕላኖች ጠፍተዋል፤ 266ቱ ዩንከርስ 52 ናቸው። እንዲህ ያለውን ባለሦስት ሞተር ያለ ፋብሪካ ቁጥር መለየት ከባድ ነው፤ ሦስቱንም የሞተር ቁጥር ሰብስቡ።

ቀንና ሰዓት ስታስተያዩ ተጠንቀቁ። ጀርመኖች በበርሊን፣ ሶቪየቶች በሞስኮ ሰዓት ይጽፉ ነበር። ጀርመን ከኤፕሪል 1940 እስከ ኖቬምበር 1942 የበጋ ሰዓቷን ስላልመለሰች ልዩነቱ 1 ሰዓት ነበር፤ ከዚያ ወዲህ በክረምት 2፣ በበጋ 1 ነው። በማስታወሻችሁ ላይ የሰነዱን ሰዓት እንዳለ ጻፉ፤ በመሃል ወደ እኛ አቆጣጠር ከለወጣችሁት ሌላ 6 ሰዓት ይጨመርና ማን ቀድሞ እንደወደቀ ይጠፋባችኋል። ቦታውም እንዲሁ ነው። ኢቫኖቭካ የሚባል መንደር በየወረዳው ስላለ የዘመኑን ባለ1፡100,000 ካርታ ተጠቀሙ።

የመውደቂያውን ምክንያት ከፕሮፔለሩ ጀምሩ። የብረት ምላጮቹ ሁሉ ከተጣመሙ ሞተሩ እየሠራ ነበር፤ አንዱ ታጥፎ ሌሎቹ ቀጥ ካሉ ቀድሞ ቆሟል። ከዚያ የዘይት መስመሩን ክፈቱ። ጁላይ 19 ቀን 1943 ከሌኒንግራድ ምሥራቅ ቮይቦካሎ አካባቢ ጫካ ውስጥ በሆዱ ያረፈው የ54ኛው ተዋጊ ክንፍ ፎከ-ዉልፍ 190፣ ቁጥሩ 1227፣ ከ40 ዓመት በላይ ቆይቶ ሲገኝ ከሞላ ጎደል ሙሉ ነበር። ሞተሩ ሲፈታ የዘይት መስመሩ በጨርቅ ተደፍኖ ተገኘ፤ ፋብሪካ ውስጥ ሆን ተብሎ እንደተደረገ ይታመናል። ያንን አውሮፕላን በጥይት የተመታ አድርጎ መመዝገብ ቀላል ነበር።

አፅም ከተገኘ ቁፋሮውን አቁሙና ፖሊስ ጥሩ። የሶቪየት ኒሻኖች ጀርባቸው ላይ ቁጥር ስላላቸው ከሽልማት መዝገብ ባለቤታቸውን ያወጣሉ፤ በተቃራኒው ሰነድ ሳይኖር በማስወገድ ብቻ የተደረሰበት ስም ለዘመናት ያከራክራል። ኦገስት 1 ቀን 1943 በሚዩስ ግንባር ከበረራ ያልተመለሰችው ተዋጊ አብራሪ ሊዲያ ሊትቭያክ በ1979 ዲሚትሪየቭካ በተገኘ አፅም ማንነቷ ተለየ ተብሎ በ1990 የሶቪየት ኅብረት ጀግና ብትባልም፣ ክርክሩ አላበቃም። ቁጥሩ ከመዝገብ ጋር ያልተገናኘላችሁን ስብርባሪ በዓይነቱ፣ በቦታውና በግምት ወሩ መዝግባችሁ የስሙን ሳጥን ባዶ ተዉት፤ የሞተሩን ቁጥር ፎቶ ግን ከመዝገቡ ጋር አያይዙ።